ለጳጉሜ ያልታተመ ፊት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2086 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ኤልዳና ሰሎሞን የተባለች የሃምሳ አንድ ዓመት ልብስ ሰፊ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጨረር ሕክምና ማዕከል፣ የገዛ ፊቷን ከማንጠልጠያ ላይ አወረደች።

ከዚያ ዕለት በፊት ይህን አድርጋ አታውቅም። ጭምብሏን በየጠዋቱ ከመጋረጃው ጀርባ የምታመጣላት ባለሙያዋ አስካለ ነበረች። በዚያ ማክሰኞ ግን የአስካለ ቀኝ እጅ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፤ የባጃጅ በር ቆንጥጧት።

«እትዬ ኤልዳና፣ ዛሬስ ራስዎ ያወርዱታል» አለቻት። «የእርስዎ መደርደሪያ አሥራ አራተኛው ነው። ቀኑ ግንባሩ ላይ ተጽፏል። የነገውን እንዳያመጡ ብቻ አደራ! ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ የነገ ፊታቸውን አጥልቀው ግማሽ ቀን አስጨንቀውናል።»

«ምን ሆኑ?»

«ምንም። ጠበባቸው።»

ኤልዳና መጋረጃውን ገለጠች። ነጫጭ ጭምብሎቿ በቀን ቅደም ተከተል ተሰቅለዋል። ሁሉም የታተሙት ሐምሌ 19 ቀን ሕክምናዋ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ነው። ከአፍንጫዋ ጀርባ ለበቀለው እጢ ሠላሳ አምስት የሕክምና ቀናት ታዘውላታል፤ ለእያንዳንዱም ቀን፣ በዚያ ቀን የሚኖራት ፊት አስቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቃታል። ያለፉት ሃያ ስድስቱ ተፈጭተው የሌሎች ሰዎች ፊት ሆነዋል። ስለዚህ ዘጠኝ መቅረት ነበረበት። ያገኘችው አራት ነው፦ ነሐሴ 25፣ 26፣ 27 እና 28። ከእነርሱ ቀጥሎ አምስት ማንጠልጠያዎች ባዶአቸውን ተደርድረዋል።

ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቁልፍ ስትቆጥር ተሳስታ አታውቅም።

«አስካልዬ፣ የጳጉሜዎቹ የታሉ?» አለች ከመጋረጃው ጀርባ ሆና።

አስካለ በደህናው እጇ የጠረጴዛውን ጨርቅ ዘረጋች። «መጀመሪያ የዛሬውን እንጨርስ» አለች።

ኤልዳና ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ ተኛች። ጨረሩ እንዳይስት ራሷን አጥብቆ የሚይዘው ጭምብል ፊቷ ላይ ዐረፈ፤ አራቱ መቆለፊያዎች ተራ በተራ ጠቅ አሉ። እንደ ሁልጊዜው ልክ ነበር። ለአሥራ አንድ ደቂቃ ያህል፣ ሐምሌ ላይ የተሠራ የነሐሴ ፊት ውስጥ ሆና፣ ስለ ጳጉሜ አሰበች።

በዚያ ዘመን ብዙ ነገር አስቀድሞ ይሠራ ነበር። ትምህርት ቤቶች በየመስከረሙ ለእያንዳንዱ ልጅ የዓመቱን ጫማ በአንድ ካርቶን ያስረክባሉ፤ እግሩ በየወሩ የሚደርስበት ልክ ታውቆ የተሠራ ነው። ሙሽሮች ከሠርግ ልብሳቸው ጋር የአሥረኛ ዓመት በዓላቸውን ልብስ ይረከባሉ። ትንበያው ሲስት የሚያፍረው ሰውየው ነው። ኤልዳና በዚህ ዘመን በስፌት ልትተዳደር የቻለችውም በዚህ እፍረት ምክንያት ነው። ደንበኞቿ ሳቢያን ሰፈር ወደሚገኘው ቤቷ በጎን በር ይገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትንሽ አልፌዋለሁ» ወይም «ትንሽ ጎድዬለታለሁ» ይሏታል። እርሷም ታሰፋለች፣ ታጠባለች፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ትመልሳለች። ለማንም አታወራም።

ሕክምናዋን ከጀመረች ወዲህ እርሷም እንደ ደንበኞቿ ሆናለች። በየምሽቱ ከማዕከሉ መልእክት ይደርሳታል፦ «ለነገ ፊትዎ፦ አንድ ተኩል ኩባያ አጥሚት፣ ሁለት ማንኪያ ቅቤ። ጨው አያብዙ።» ጨረሩ ምላሷን ካደረቀው ወዲህ አጥሚቱም ቅቤውም የልብስ ማስመሪያ ጠመኔ ጠመኔ ይላታል፤ ቢሆንም ትውጠዋለች። የታዘዘችውን የበላች ዕለት ጭምብሉ ልኳ ይሆናል። ያጎደለች ዕለት መንጋጋዋ ላይ ይላወሳል፤ አስካለም «ዛሬ ወደ ፊትዎ አልደረሱም» ብላ ትቆጣታለች።

ሕክምናው ሲያበቃ ኤልዳና ከጠረጴዛው ሳትወርድ ጥያቄዋን ደገመች።

«የወሩ ነገር ነው» አለች አስካለ። «ማሽኑ ዓመቱን የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር አድርጎ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን በእጃችን እናስገባለታለን፤ ነሐሴ 31፣ ነሐሴ 32 እያልን። ይህን ይሠሩ የነበሩት ባለሙያ ወደ ጅግጅጋ ተዛወሩ። ዘንድሮ ማን እንደሠራው እንጃ።»

«ስለዚህ ረስታችሁታል።»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ምን ማለት ነው? እኔ ለሰው ሱሪ ስሰጥ ሁለት እግር ያለው ይመስለኛል እላለሁ?»

አስካለ ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ሰበሰበችው። «ማሽኑ በሌላም ምክንያት ማተም ያቆማል። ትንበያው ለዚያ ቀን ፊት ካላገኘ አያትምም።»

«ፊት ካላገኘ?»

«የእርስዎ ግን የወሩ ነገር ነው እትዬ። አይጨነቁ።»

«እንግዲያው አሁን አትሙልኝ።»

«ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ ማተሚያው አይከፈትም። ሐኪሙም እንዲህ ላለ ጥያቄ የሚመልሱት ለዜና ተቀባይዎ ነው።»

ይህ ደንብ ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ክፉ ዜና ለታማሚ በቀጥታ እንዳይነገር የሚከለክለው የቆየ ልማድ በአንቀጽ ተጽፎ ሥራ ላይ ውሏል። እያንዳንዱ ታማሚ ሲመዘገብ አንድ ዜና ተቀባይ ይሰይማል። ማዕከሉ የሚያውቀውን ክፉ ነገር ለእርሱ ብቻ ይልካል፤ መልእክቱ ከተነበበ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ዜና ተቀባዩ ሁለት ሰዎች ጨምሮ፣ ሦስት ሆነው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ከታማሚው ቤት ሄደው ይነግራሉ። ቀኑን የሚመርጠው እርሱ ነው። እስከዚያ ድረስ መዋሸት ይፈቀድለታል።

ኤልዳና የሰየመችው ታናሽ ወንድሟን ናኦድን ነው። ናኦድ ለገሃሬ በሚገኘው የባቡር ጣቢያ በጓዝ ክፍል ይሠራል። የግራ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም። በዚያው ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ በጓዝ ክምር መካከል ቆሞ አገኘችው።

«ናኦድ! ናኦድ!»

አልዞረም። ትከሻውን ስትነካው ደነገጠ። «በቀኝ በኩል ነይ አላልኩሽም! ሰው አስደንግጠሽ ልትገድይ ነው?»

«የደረሰህ ነገር አለ?»

«ምን?»

«ከማዕከሉ! መልእክት!»

«ምንም አልደረሰኝም» አለ። ከዚያም ሳቀ። «ቢደርሰኝ ኖሮ እንዲህ ዳቦ እየገመጥኩ ታገኚኝ ነበር? ምነው፣ ምን አሉሽ?»

«ስልክህን ስጠኝ።»

ያለ ማመንታት ሰጣት። መልእክቶቹን አየች፤ ከማዕከሉ የመጣ አንድም የለም። ደርሶት አንብቦት ከነበረ፣ አንድም እንደማይኖር ታውቃለች። ስልኩን መለሰችለት።

«ማልልኝ።»

«ኤልዱ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ። ሂጂና እረፊ። ምንም አልደረሰኝም አልኩሽ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ያስጨነቃት የወንድሟ ቃል አልነበረም፤ ቃሉን ቀድማ ማወቋ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የእናታቸው ዜና ተቀባይ እርሷ ነበረች። መልእክቱ የደረሳት አንድ ረቡዕ ነው። ለአሥራ አንድ ቀናት እናቷ በየጠዋቱ «የደረሰሽ ነገር አለ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ኤልዳናም መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች «ምንም አልደረሰኝም» ትላለች። ከዚያ ትስቃለች። ሳቁ አጭር መሆን አለበት፤ ረዥም ከሆነ ያስጠረጥራል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት ጎረቤቶች ይዛ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ የእናቷን በር አንኳኳች። እናቷ በሩን ከፍታ ሦስቱንም አየቻቸውና ወንበር ማቅረብ ጀመረች።

የናኦድ ሳቅ አጭር ነበር። ነገር ግን ናኦድ ሁልጊዜም ሳቁ አጭር ነው።

ረቡዕ ዕለት ሜትሯን በኪሷ ይዛ ገባች። መጋረጃውን ስትገልጥ አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኤልዳና የቀሩትን ሦስት ጭምብሎች ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ በአፍንጫው ላይ አሳልፋ ለካቻቸው። የማክሰኞውንም ገና ሳይፈጭ አግኝታ ቀድማ ለክታ ነበር፤ ሁለት መቶ ሰባ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። የረቡዕ ሁለት መቶ ሰባ። የሐሙስ ሁለት መቶ ሰባ። የዓርብም ሁለት መቶ ሰባ።

«በየቀኑ አንድ ሚሊ እንደምቀንስ ነግረሽኛል» አለች።

«አዎ።»

«ከዛሬ ጀምሮ አልቀንስም።»

«ጥሩ ነው እኮ! ሰው ሲሻለው መቀነሱን ያቆማል።»

«ወይም ማሽኑ መቁጠሩን አቁሟል።»

አስካለ ጭምብሉን በአንድ እጇ ይዛ ጥቂት አሰበች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ የተመረቀችበት ፎቶ ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ተለጥፏል። «ቁጥሩ ሁለቱንም ይላል» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማሪ ድምፅ መሰለ።

ከሕክምናው በኋላ ኤልዳና ሰው በሌለበት፣ ራሱ በሚናገረው የጥያቄ መስኮት ፊት ቆማ «ከጳጉሜ 1 እስከ 5 ያሉት ጭምብሎቼ እንዲታተሙልኝ እጠይቃለሁ» ብላ ተናገረች። መስኮቱ ጥያቄዋ መመዝገቡንና መልሱ ለሚመለከተው ሰው እንደሚላክ ገለጸላት። የሚመለከተው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀች። መስኮቱ የወንድሟን ስም አነበበላት።

ሐሙስ ዕለት በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ከጋሽ ባሮክ ጎን ተቀመጠች። ጋሽ ባሮክ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ የሚታከሙት ጉሮሯቸውን ሲሆን፣ ድምፃቸው የሚወጣው በሹክሹክታ ነው። ከማዕከሉ ታማሚዎች መካከል ሕክምናቸው ጳጉሜ ውስጥ የሚያበቃው የእርሳቸውና የኤልዳና ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቀድመው ይጨርሳሉ ወይም መስከረም ላይ ይጀምራሉ።

«ጋሼ፣ መደርደሪያዎን አይተውት ያውቃሉ?»

«የገዛ ፊቴን በመስታወት አይቼ ጠግቤዋለሁ፤ ደግሞ ተሰቅሎ ልየው?»

ምክንያቷን ነገረቻቸው። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ፣ ጥቂት ቆዩ። ሲመለሱ እጃቸውን ከፍ አድርገው አምስት ጣቶቻቸውን ዘርግተው ነበር።

«አምስት ባዶ!» አሉ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸው እንደ ጩኸት ነበር። «አርባ ዓመት ሙሉ ጳጉሜን ከረሳ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ስቀንስ ኖሬያለሁ። ለዚህ ማሽን ዜሮ ነው የምሰጠው! ወላጁንም አስጠራዋለሁ!»

ኤልዳና ሳቀች። አስካለም በበሩ በኩል ሰምታ ሳቀች። በዚያ ምሽት የደረሳት መልእክት ሁለት ኩባያ አጥሚት ይላል፤ ሦስት ጠጣች። ለናኦድ ደውላ «የወሩ ስህተት ነው፤ የጋሽ ባሮክም አልታተመም» አለችው።

«ምን?»

«የወሩ ስህተት ነው!»

«አላልኩሽም!» አለ ናኦድ። ድምፁ ከጠበቀችው በላይ ደስ ያለው ነበር። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ስለዚህ ደስታ ረዥም ጊዜ አሰበች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 28፣ የጋሽ ባሮክ ቦታ ባዶ ነበር።

«አርፍደው ነው?» አለች ኤልዳና።

«ዛሬ አይመጡም» አለች አስካለ። «ጎህ ሳይቀድ እንግዳ መጥቶባቸዋል።»

«ስንት?»

አስካለ ፋሻዋን በሌላኛው እጇ ነካካች። «ሦስት ናቸው አሉ። ግን እኮ ልጆቻቸው ለበዓል ከሐረር ሊመጡ ነው ሲሉ ነበር፤ እነርሱም ሦስት ናቸው። ምናልባት...»

«አስካለ።»

«አላውቅም እትዬ። በእውነት አላውቅም። ለእኛም አይነገረንም። እኔ ይህን ሥራ ስመርጥ...» ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። «ስመርጥ ሰው ልኩን የሚያገኝበት ቦታ መስሎኝ ነበር።»

ኤልዳና ተኛች፤ የመጨረሻው ጭምብል ፊቷ ላይ ተቆለፈ። ሲፈታላት እጇን ዘርግታ ያዘችው።

«ይኼን አትፍጪው።»

«ደንቡ...»

«ሰኞ ጳጉሜ 1 ነው። ይኼ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል አይደል? ቤቴ ወስጄ በፊቴ ልክ አደርገዋለሁ። ሥራዬ ነው፤ ሌላ ሥራ የለኝም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ልክ ሆኖ ካመጣሁት ታስገቢኛለሽ?»

አስካለ ወደ መቆጣጠሪያው ተመለከተች። «የጨረሩ ማሽን የሚያየው ልክነቱን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከሁለት ሚሊ በላይ ካልዛነፈ ይሠራል። ቀኑን ግን...»

«ቀኑን እኔ እጽፈዋለሁ።»

አስካለ ጭምብሉን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በዚያ ምሽት መልእክት አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ኤልዳና ከስድስት ሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ያህል መብላት እንዳለባት ሳታውቅ ድስት ፊት ቆመች። ብትበላ ፊቷ ያልፋል፤ ባትበላ ይጎድላል፤ ከምን እንደሚያልፍና ከምን እንደሚጎድል ግን የሚነግራት አልነበረም። አንድ ኩባያ ጠጣች። ቆይታ ግማሽ ጨመረች። ከዚያ የጨመረችው ይብዛ ይነስ ግራ ገብቷት ኩባያውን አጠበችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ውሃ አሞቀች፤ ጭምብሉን ነክራ እስኪለሰልስ ጠበቀች። በፎጣ አደረቀችው፣ በመስታወቱ ፊት ተቀምጣ ፊቷ ላይ አለበሰችው። የራሷን ጉንጭ በራሷ መዳፍ ተጫነች፤ ለደንበኛ አንገትጌ እንደምታስተካክል ሁሉ መንጋጋዋን ተከትላ በአውራ ጣቷ አሰመረች። እስኪደርቅ ሳትተነፍስ የቀረች ያህል ጸጥ ብላ ተቀመጠች። ሲጠነክር አውጥታ ለካችው።

ሁለት መቶ ሰባ ሁለት።

ሁለት ሚሊ ሰፍታለች። ተሽሏት ይሆናል። አብጣ ይሆናል። ሦስተኛው ኩባያ አጥሚት ይሆናል። ሜትሩን አጣጥፋ አስቀመጠች። ግንባሩ ላይ ያለውን «ነሐሴ 28» በመላጫ ፋቀችና በልብስ ማስመሪያ ጠመኔ «ጳጉሜ 1» ብላ ጻፈችበት። ጽሕፈቷ ያማረ ነበር።

ወደ ማታ ናኦድ ደወለ።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለ። «በባጃጅ። እስከ አንድ ሰዓት እንደርሳለን።»

«ብቻህን ነው የምትመጣው?»

«ምን?»

«ብቻህን ነው ወይ!»

«ከማን ጋር ልመጣ ነው? የከተማውን ከንቲባ ላስከትል?» ሳቀ። «ተኚ ኤልዱ። አሥራ ሁለት ሰዓት።»

ሰኞ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 2086 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የኤልዳና በር ተንኳኳ።

ለብሳ፣ ፌስታሉን በጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰዓቷን አየች። ናኦድ በሕይወቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የትም ደርሶ አያውቅም። የባጃጅ ድምፅም አልሰማችም፤ ግን ስታስብ ቆይታ ስለነበር ያልሰማችው ሊሆን ይችላል። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው።

ተነሥታ ወደ በሩ ቀረበች። ከውጭ ጠጠር ላይ ጫማ ተንቀሳቀሰ። አዳመጠች። አንድ ሰው ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው እየተዛወረ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ቁልፍ ስትቆጥር ተሳስታ የማታውቀው ሴት ጆሮዋን በሩ ላይ አስጠግታ ጫማ መቁጠር ጀመረች፤ ሁለት ላይ ስትደርስ ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች።

«ናኦድ?»

ጫማው ጸጥ አለ።

በግራ ጎኑ ዞሮ ቆሞ ከሆነ አይሰማም። ይህን ታውቃለች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ናኦድ! ጭምብሉን ሠርቼዋለሁ! ልክ ነው!»

ከውጭ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የናኦድ ይሁን የሌላ ሰው ልትለየው አልቻለችም። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች፤ ግን አልሳበችውም። በዐይነ ሕሊናዋ እናቷ ወንበር ስታቀርብ አየቻት። በክፍሉ ውስጥ አራት ወንበሮች አሉ። ከፌስታሉ ውስጥ ጭምብሉን አወጣች፤ ለምን እንዳወጣችው ሳታውቅ በደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ናኦዴ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ «በሩን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ብቻህን ከሆንክ፣ ብቻዬን ነኝ በለኝ።»

ጠበቀች። የጠመኔው ጽሑፍ በቀሚሷ ላይ እየታተመ ነበር።

«ናኦድ፣ ብቻዬን ነኝ በለኝ።»